ከኦርጋኒክ ሲንተሲስ ወደ ፖሊመር ልዙር? ባህር ዳር ሆኖስ ይሠራል?

የፔዳዋ ፦ ጥር 9፣ ማታ 2:40

እንዴት አመሻችሁ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ኬሚስትሪ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። እስካሁን የሠራሁት ኦርጋኒክ ሲንተሲስ ነው፤ ከትንንሽ ሞለኪውሎች ደረጃ በደረጃ አዲስ ሞለኪውል መሥራት ማለት ነው። አራት ስቴፕ ሄጄ መጨረሻ ላይ እጄ የገባችው ነጭ ዱቄት 60 ሚሊግራም ነበረች። ዓመት ሙሉ የለፋሁባት ስለሆነች እንደ ልጄ ነው የማያት።

አሁን ሥራዬ ወደ ፖሊመር፣ ማለትም ትንንሽ ሞለኪውሎች ተያይዘው ወደሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት፣ እንዲዞር ተወስኗል። ከላክቲክ አሲድ ተነስቶ ፒኤልኤ የሚባለውን ፕላስቲክ መሥራት ነው። ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው አሲድ ነው። ቀስ እያልኩ አሞቅሁት፤ የሚወጣውን ውሃ በቫክዩም ሳብኩ። ከዚያ የተረፈውን አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት አድርጌ ለካሁ። 90 በመቶው ተያይዟል። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ሲንተሲስ ላይ 90 በመቶ ዪልድ (ምርት) ያገኘ ሰው ጓደኞቹን ሻይ ይጋብዛል።

የወጣው ነገር ግን ፕላስቲክ አይመስልም። ቢጫ ነው። በጣት ሲጫኑት እንደ ከረሜላ ይሰባበራል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ሁለተኛው ይከብዳል። ቤተሰቦቼ «ባንክ ቅጥር ወጥቷል» እያሉኝ ነው። በዚህ ሙያ ባህር ዳር ተቀምጦ ዕድሜ ልክ መሥራት ይቻላል? የሠራበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

የሽምብጡ ፦ ጥር 9፣ ማታ 3:05

እህቴ፣ በቅንነት ነው የምነግርሽ። እኔ አናሊቲካል (የምርመራ ኬሚስትሪ) ነው የጨረስኩት። ውሃ ምርመራ፣ ቢራ፣ ምግብ፣ መድኃኒት ጥራት ቁጥጥር፣ የትም ትገቢያለሽ። የሲንተሲስ ሪኤጀንት (ኬሚካል) ግን በዶላር ነው የሚመጣው። ታዘዘ ከተባለ ወራት ይቆያል። አንድ ጓደኛዬ ለመመረቂያው ያዘዘው ካታሊስት (ሪአክሽን ማፍጠኛ) የደረሰው ከተመረቀ በኋላ ነው። ጠርሙሱን ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልጅነትሽን በመጠበቅ እንዳትጨርሺው ብዬ ነው።

ድርና ማግ ፦ ጥር 9፣ ማታ 3:30

90 በመቶ ላይ ለምን እንደሚሰባበር የሚያውቅ ቀድሞ ይመልስላት። ስለ ሥራው እኔ ነገ ከፈረቃ ስወጣ እጽፋለሁ። ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ነኝ።

ጣና ዳር ፦ ጥር 10፣ ጠዋት 1:20

ልጄ፣ እንዴት አደርሽ። መጀመሪያ ያቺን 60 ሚሊግራም እንዳትጥያት። በትንሽ ጠርሙስ አሽገሽ፣ ቀኑን ጽፈሽ አስቀምጪያት። የኔ የመጀመሪያዋ 22 ሚሊግራም ነበረች። እስከ ዛሬ አለችኝ።

የሠራሽው ስህተት የለም። አዲስ ሰፈር ገብተሽ በድሮው ሰፈር ሚዛን ስለለካሽ ነው ግራ የተጋባሽው።

እንዲህ እዪው። አንዲት ላክቲክ አሲድ ሁለት እጅ አላት። በአንዱ የግራ ጎረቤቷን ትይዛለች፣ በሌላው የቀኟን። ሰልፉ የሚረዝመው እጆች ሁሉ ሲያያዙ ነው። 90 በመቶ ተያያዘ ማለት ከአሥር እጅ አንዱ ባዶውን ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ሰልፉ በአማካይ አሥር ሲደርስ ይቆረጣል። የአሥር ሞለኪውል ሰንሰለት ከረሜላ ነው የሚሆነው። 95 በመቶ ብታደርሺው 20 ይሆናል። 98 ላይ 50። 99 ላይ 100። 99.5 ላይ 200። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንድን ላልተያያዘው ክፍልፋይ ማካፈል ነው። ቀመሩ የዋላስ ካሮተርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ናይለንን የሠራው ሰው ማለቴ ነው።

አየሽ፣ ከ98 ወደ 99 መሄድ ሰንሰለቱን እጥፍ ያደርገዋል። ያቺ የመጨረሻዋ አንድ በመቶ ናት ሥራው።

ሲንተሲስ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። አሥር ስቴፕ ሄደሽ እያንዳንዱ 80 በመቶ ቢሰጥሽ መጨረሻ ላይ የሚቀርሽ 11 በመቶ አይሞላም። ቢሆንም የቀረችው ንጹሕ ናት። በየስቴፑ የተበላሸውን በሲሊካ ጄል ኮለም ለይተሽ ጥለሻል። ፖሊመር ላይ ግን የምትጥይው የለም። የተሳሳተው መጋጠሚያ እዚያው ሰንሰለቱ ውስጥ ተሰፍቶ ይቀራል። ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው። ሲንተሲስ የሚሠራ ሰው ሠርቶ ያጠራል። ፖሊመር የሚሠራ ሰው ግን አጥርቶ ነው የሚጀምረው።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፦ አዎ፣ ይቻላል። እኔ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼበታለሁ። ግማሹን በሲንተሲስ፣ ግማሹን በፖሊመር። ማታ ጊዜ ሳገኝ እንዴት እንደነበር እጽፍልሻለሁ።

የፔዳዋ ፦ ጥር 10፣ ከሰዓት 7:15

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «አጥርቶ ነው የሚጀምረው» ያሉትን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ታዲያ ያ ከረሜላ አሁን ምን ይሁን? ልጣለው? ደግሞ የእርስዎን ታሪክ በጣም እፈልገዋለሁ፤ እባክዎ አይተዉት።

ድርና ማግ ፦ ጥር 10፣ ማታ 1:50

ቃሌን ልጠብቅ። የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ በጣሊያን የጦር ካሳ። ፖሊ ቴክኒኩ ደግሞ በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከፈተ። ይህች ከተማ ከተማ ስትሆን ከክርና ከኬሚካል ጋር ነው ያደገችው። ዛሬም ዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለው።

እዚህ ፖሊመር ለምን ያስፈልጋል ለምትሉ፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የድር ክር የሽመና ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ሳይዚንግ ይገባል። በስታርች ወይም ፒቪኤ በሚባል ፖሊመር ይለበጣል። ካልተለበጠ በማሽኑ ፍጥነት ይፋተግና ይበጠሳል። ከተሸመነ በኋላ ደግሞ ልባሱ ታጥቦ መውጣት አለበት። ካልወጣ ቀለሙ ጨርቁ ላይ እንደ ነብር ቆዳ ይዥጎረጎራል። ልባሱ ሲወፍር ክሩ ይደርቃል፣ ሲሳሳ ይበጠሳል። ይህን በእጅ ብቻ የሚያውቅ ሠራተኛ ሞልቷል። ሞለኪውሉን የሚያውቅ ሲጨመርበት ግን ብዙ ነገር ይተርፋል። ደመወዙ የባንክን ያህል አይደለም፤ አልዋሽሽም። ሥራ የለም የሚለው ግን ልክ አይደለም።

ጣና ዳር ፦ ጥር 10፣ ማታ 3:40

የፔዳዋ፣ ከረሜላውን እንዳትጥይው። ዋናው ጥሬ ዕቃሽ እሱ ነው። ትንሽ የቲን (የቆርቆሮ) ካታሊስት ጨምረሽ በጥሩ ቫክዩም ወደ 200 ዲግሪ ስታሞቂው አጭሩ ሰንሰለት ከጫፉ እየታጠፈ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ቀለበት ይሠራል። ያ ቀለበት ላክታይድ ነው። ተንኖ ወጥቶ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል። እሱን ታጠሪያለሽ። ከዚያ ቀለበቱን ትከፍቺና ረጅም ሰንሰለት ትሠሪያለሽ። ካሮተርስና ባልደረቦቹ ይህን እ.ኤ.አ. በ1932 አሳትመውታል። ፋብሪካዎችም ዛሬ በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት።

አሁን ታሪኩ። ልጅ ሆኜ ሐይቁ ዳር የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን አይቻለሁ። ትንሽ ቆይቶ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ሰው ግን ዓሣውን በልቶ ምንም አይሆንም። ለምን? ይህ ጥያቄ ነው ኬሚስት ያደረገኝ። ኋላ ተማሪ ሆኜ ከዚያው ፍሬ ሮቴኖንን አወጣሁ። ሮቴኖን የሕዋስን ትንፋሽ ያፍናል። ዓሣ በስንጥቡ ቶሎ ወደ ደሙ ያስገባዋል። በሰው አንጀት ግን ብዙም አይሰርግም። ነጭ ክሪስታሉን በመነጽር ሳየው የልጅነቴን ጥያቄ በእጄ የያዝኩት መሰለኝ። በዚህ መንገድ ማስገር ሐይቁን ይጎዳል፤ ማንም እንዳይሞክረው አደራ።

ከዚያ ውጭ ሄጄ ሲንተሲስ ተማርኩ። ካርቦንን ከካርቦን የሚያያይዘውን የግሪኛር ሪአክሽን በየሳምንቱ እሠራ ነበር። ማግኒዚየም፣ ደረቅ (ውሃ የሌለበት) ኢተር የሚባል በቶሎ የሚተን ፈሳሽ፣ ለማስጀመር ደግሞ አንዲት የአዮዲን ቅንጣት። ሲነሳ ኢተሩ በራሱ ይፈላል፤ ፈሳሹ ግራጫ ጉም ይለብሳል። እዚያ ያለ ችግር እሠራው የነበረው ነገር ባህር ዳር ስመለስ አስቸገረኝ። ከተማችን ከባህር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ኢተር የሚፈላው በመጽሐፉ 34.6 ዲግሪ ላይ ነው፤ እዚህ ግን 28 እና 29 ዲግሪ መካከል ነው። የሚያዝያ ከሰዓት ላይ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ሊፈላ ይደርሳል። ሁለት ጊዜ ኢተሩ ተንኖ አልቆ ደረቅ ፍላስክ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ግሪኛር የምሠራው ጎህ ሲቀድ ሆነ። 12 ሰዓት ላይ ገብቼ፣ ፀሐይ ሳትጠና 3 ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ። እርጥበት የሚጠላውን ሥራ ሁሉ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አደረግሁት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጽሑፍ እጽፋለሁ እንጂ ላክታይድ አልከፍትም። አገርሽ የምታስተምርሽን የኬሚስትሪ መጽሐፍ አይነግርሽም።

ወደ ፖሊመር ያዞረኝ ደግሞ ጎማ ነው። ሲንተሲስ ስሠራ ብዙ ጊዜ ፍላስኩ ሥር ቡናማ ጎማ ይቀራል። በአሴቶን አሽቼ እደፋው ነበር። አንድ ቀን አስተማሪዬ «መዝነኸዋል?» አለኝ። መዘንኩት። ካስገባሁት ነገር ግማሽ በላይ እዚያ ጎማ ውስጥ ነበር። ዓመታት ሙሉ ዋናውን ውጤት ስደፋ ኖሬያለሁ! አዶልፍ ፎን ባየርም እ.ኤ.አ. በ1872 ፌኖልን ከፎርማልዴሃይድ ጋር አዋሕዶ የማይሟሟ ሙጫ አግኝቶ ሳይፈልገው ትቶታል። ሊዮ ቤኬላንድ የሚባል ኬሚስት በ1907 ከዚያው ነገር ባኬላይት የሚባለውን ፕላስቲክ ሠራ። የድሮ ቤቶች ጥቁር የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ብዙው እሱ ነው።

ግሽ ዓባይ ፦ ጥር 11፣ ጠዋት 4:10

ጋሼ፣ ጽሑፍዎ ደስ ይላል። ግን ልጅቷን በተስፋ ብቻ እንዳንሸኛት እፈራለሁ። ያለ ኤንኤምአር (የሞለኪውልን አሠራር የሚያሳይ ማሽን) ሲንተሲስ ማለት በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው። ፖሊመር የሚሠራ ሰው ደግሞ ያለ ጂፒሲ (ሰንሰለቶችን በመጠን የሚለይ ማሽን) የሰንሰለቱን ርዝመት እንዴት ያውቃል? እኔ ሳምፕል ወደ ሌላ ከተማ ልኬ አምስት ወር ጠብቄ፣ ማሽኑ ያሳየው ምልክት (ፒኩ) የሶልቨንት፣ የማሟሚያው ፈሳሽ፣ ብቻ ሆኖ መጥቶልኛል። ከዚያ በኋላ ነው ሙያውን የተውኩት። ያመኛል እስካሁን።

ጣና ዳር ፦ ጥር 11፣ ከሰዓት 9:00

ወንድሜ፣ ሕመምህ ይገባኛል። ኤንኤምአር ያስፈልጋል፤ አያስፈልግም አልልም። አዲስ ሞለኪውል ሠራሁ ለማለት ግዴታ ነው። እኔ ያደረግሁት ለኤንኤምአር የሚላከውን ማሳነስ ነው። ቲኤልሲ (ንጽሕናን በነጥብ የሚያሳይ ስስ ሳህን) ላይ በሦስት ዓይነት ሶልቨንት አንድ ነጥብ ብቻ ካላሳየ፣ የመቅለጫ ነጥቡ በአንድ ዲግሪ ውስጥ ካልገባ፣ ፖስታ ውስጥ አይገባም። መፍያ ነጥብ በከፍታ ይለወጣል፤ መቅለጫ ነጥብ ግን እዚህም ለንደንም ያው ነው። ከመላኩ በፊት ቫክዩም ላይ ሌሊቱን ካደረ የሶልቨንት ፒክም አይገንንም።

ለጂፒሲ ግን መልስ አለኝ። ቪስኮሜትር። ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው፤ ሁለት መስመር ተሰምሮበታል። ፈሳሹ ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ለመውረድ የሚፈጅበትን ሰከንድ ትለካለህ። መጀመሪያ ሶልቨንቱን ብቻውን፣ ቀጥሎ ፖሊመሩ የሟሟበትን። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ፈሳሹ ይዘገያል። የሚፈለገው ሙቀቱ የማይዋዥቅ የውሃ ገንዳና የሩጫ ሰዓት ነው። መብራት ቢጠፋም የገንዳው ውሃ ብዙ ከሆነ ልኬቱን ጨርሰህ ትወጣለህ።

ከባህር ማዶ ፦ ጥር 11፣ ማታ 4:25

በንባብ ብቻ ልለፍ ብዬ ነበር፤ ቪስኮሜትር ሲነሳ አላስቻለኝም። እኔም የፔዳ ልጅ ነኝ። አሁን ፖሊመር ላይ ዶክትሬት እየሠራሁ ነው።

እህቴ፣ ሄርማን ሽታውዲንገር የሚባለውን ሳይንቲስት አንብቢ። ሰውየው እንዳንቺ ኦርጋኒክ ኬሚስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ኬቴን የሚባሉትን ሞለኪውሎች ያገኘ ነው። በስሙ የሚጠራ ሪአክሽንም አለው። ሩዚካ ከሚባል ኬሚስት ጋር ሆኖ ነፍሳት የሚገድለውን የፓይሬትረም አበባ ውስጥ ያለውን መርዝ አጥንቷል። ጋሼ ብርብራ ላይ እንደሠሩት መሆኑ ነው። የቡናን መዓዛ የሚሰጡ ሞለኪውሎችንም ፈልጓል። የዘጌ ሰው ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ከዚያ በ1920 ጎማና ሴሉሎስ በሺህ የሚቆጠሩ አተሞች በእውነተኛ ቦንድ የተያያዙባቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው ብሎ ጻፈ። ታላላቆቹ ኬሚስቶች አላመኑትም። ትናንሽ ሞለኪውሎች ተከማችተው እንጂ ያን ያህል ትልቅ ሞለኪውል የለም ይሉት ነበር። «ጎማህን አጥራው፤ ትንሽ መሆኑን ታያለህ» የሚል ነበር መንፈሱ። እሱ የተከራከረው በምንድነው? ሰንሰለቶቹን በኬሚስትሪ እየለወጠ፣ በዚያው በቪስኮሜትር እየለካ። ኖቤል የተሸለመው በ1953 ነው፤ 72 ዓመቱ ነበር። ከ33 ዓመት በኋላ!

እኔ ያለሁበት ላብ ውስጥ ጂፒሲው በአንድ ሰዓት ውጤት ይሰጠኛል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሶልቨንት በእጄ ማድረቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ ከማሽን ነው የሚቀዱት። ማሽኑ የተበላሸ ሳምንት ሁሉም እኔ ጋ ነበር የሚመጣው። ቴትራሃይድሮፉራን የሚባለውን ሶልቨንት በሶዲየምና በቤንዞፌኖን ማድረቅ የተማርኩት ፔዳ ነው። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ውሃው አልቆ ሲደርቅ ደግሞ የሌሊት ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ይሆናል። ያን ሰማያዊ ሳይ ባህር ዳር ያለሁ ይመስለኛል። ሶዲየም ጋ ስትሠሪ ግን ብቻሽን እንዳትሆኚ።

የታንኳ ልጅ ፦ ጥር 12፣ ጠዋት 3:30

እኔ ኬሚስት አይደለሁም። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው። የምታወሩት ናይለን እኛ ቤት በየቀኑ አለ። አባቴ ሲያወራ፣ በልጅነቱ የነበረው የጥጥ ክር መረብ በየጊዜው ይበሰብስ ነበር። የናይለኑ ግን አይበሰብስም። ችግሩ ተበጥሶ ሐይቅ ውስጥ ሲቀር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የቆየ መረብ ስቤ ሳወጣ ሦስት አምባዛ ነበረበት፤ ሁለቱ አጥንት ብቻ ሆነዋል። ይህን ክር የሚያበሰብስ ነገር የለም ወይ? ያቺ እህት የምትሠራው ፕላስቲክ መረብ ይሆናል?

ጣና ዳር ፦ ጥር 12፣ ማታ 2:15

ልጄ፣ አባትህን ሰላም በልልኝ። ጥያቄህ የምር ነው፤ ልክ እንደ ጥያቄው ልመልስልህ።

ጥጥ ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስን የሚቆርጥ መቀስ ያላቸው ተዋሕስያን ሐይቁ ውስጥ ሞልተዋል። ናይለን ግን ሰው የሠራው ሰንሰለት ነው። ስድስት ካርቦን ካለው አሲድና ስድስት ካርቦን ካለው አሚን እየተፈራረቀ የተሠራ። ለእሱ መቀስ ያላቸው ተዋሕስያን የሉም ማለት ይቻላል። ፀሐይ ታደክመዋለች፤ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ግን ፀሐይ የለም። ስለዚህ ባለቤት የሌለው መረብ ማስገሩን አያቆምም።

ፒኤልኤ መልስ ይሆናል ብዬ ግን አላታልልህም። ይበሰብሳል ሲባል ወደ 60 ዲግሪ በሚሞቅ የኮምፖስት ክምር ውስጥ ማለት ነው። በጣና ውሃ ሙቀት ዓመታት ይቆያል። በዚያ ላይ ግትርና ተሰባሪ ስለሆነ ለመረብ ክር አይመችም። ሐይቅ ውስጥ በልኩ ቆይቶ በልኩ የሚበጠስ ክር መሥራት ገና ያልተዘጋ የምርምር ጥያቄ ነው። የኔ ዕድሜ አልበቃውም። የፔዳዋ ይህን ታንብበው።

የሽምብጡ ፦ ጥር 12፣ ማታ 2:50

ጋሼ፣ እምቦጭስ? ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ሲወርር እያየን ነው። ፕላስቲክ ይሠራበታል የሚል ነገር በየጊዜው እሰማለሁ። እውነት ነው?

ጣና ዳር ፦ ጥር 13፣ ጠዋት 2:00

ግማሹ እውነት ነው። እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አሥር ኩንታል ጎትተህ አውጥተህ ስታደርቀው አንድ ኩንታል አይሞላም። ከዚያ ውስጥ ሴሉሎሱ የተወሰነው ክፍል ብቻ ነው። ትልቁ ወጪ ኬሚስትሪው ሳይሆን ውሃ ማጓጓዙ ነው። እኔ ተማሪዎቼ ጋር ሞክሬዋለሁ። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቀቅለን፣ አንጽተን ያወጣነው ሴሉሎስ እንደ ጥጥ ነጭ ነበር። የመቀቀያውና የማጠቢያው ውሃ ግን ብዙ ነው። ያን ውሃ ሳናጣራ ወደ ሐይቁ ብንደፋው ጣናን ሁለተኛ መበደል ነበር።

ደግሞ ሴሉሎስ አይቀልጥም። ሰንሰለቶቹ በሃይድሮጅን ቦንድ በጣም ተጣብቀዋል፤ ስታሞቀው ሳይቀልጥ ያራል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም ያው ሴሉሎስ ነው፤ ጥንካሬው ከዚያ ነው። ፕላስቲክ ለማድረግ በአሴቲክ አንሃይድራይድ ወደ ሴሉሎስ አሴቴት መለወጥ አለበት። ይህ የኦርጋኒክ ኬሚስት ሥራ ነው፤ ይሠራል። ሐይቁን በኬሚስትሪ እናጸዳለን ብሎ ለሕዝብ ቃል መግባት ግን አይገባም። ከኛ አሥር እጥፍ በጀልባና በጉልበት የሚያወጣው ገበሬ እያለ የኛ ድርሻ ትንሽ ናት። ትንሿን በደንብ እንሥራት።

የፔዳዋ ፦ የካቲት 4፣ ማታ 1:10

ጠፍቼ ነው፤ ላብ ነበርኩ። ከረሜላውን አሞቅሁት። ላክታይዱ ወጣ! ኮንደንሰሩ ላይ እንደ ውርጭ ነው የረጋው። ከደረቅ ኢቲል አሴቴት ሦስት ጊዜ ክሪስታላይዝ አደረግሁት። የመቅለጫ ነጥቡ 96 ዲግሪ። ከዚያ 14 ግራም ከቲን ካታሊስቱ ጋር በ130 ዲግሪ አድርጌ ሰንሰለቱን ሞከርኩ። አሁንም አጭር ነው። እንደ ሰም ይለጠጥና ይቆረጣል። ተስፋ ቆርጬ ሳይሆን ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ጣና ዳር ፦ የካቲት 4፣ ማታ 2:30

ንዴቱ ጥሩ ነው። ሒሳብ እንሥራ። ያስገባሽው ላክታይድ የአንድ ሞል (የሞለኪውል መቁጠሪያችን) አንድ አሥረኛ ነው። በዚህ መንገድ እያንዳንዷ የውሃ ሞለኪውል አንድ አዲስ ሰንሰለት ትጀምራለች። 18 ሚሊግራም ውሃ (የሞል አንድ ሺኛ) ካለ በአማካይ ለአንድ ሰንሰለት የሚደርሰው 100 ላክታይድ ብቻ ነው። 18 ሚሊግራም የአንዲት ጠብታ ግማሽ አይሞላም። ከዚያ በላይ ውሃ እንዳለሽ እርግጠኛ ነኝ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ቱቦውን ስንት ሰዓት ኦቭን ውስጥ አቆየሽው? ክሪስታሉ ቫክዩም ላይ ስንት ሌሊት አደረ? የካታሊስቱ ጠርሙስ መቼ ነው የተከፈተው? እኔ ከስምንት ወር በላይ ያቃተኝ በካታሊስቱ ጠርሙስ ነበር። ሁሉን አድርቄ እሱን ረሳሁት።

ሌላ አንድ ነገር። በፓምፑና በፍላስኩ መካከል ባዶ ጠርሙስና መዝጊያ አድርጊ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶብኝ ፓምፑ ቆመ። የፓምፑ ዘይት ወደ ኋላ ተስቦ ፍላስኬ ውስጥ ገባ። የሦስት ሳምንት ላክታይድ ጠቆረ። ጠዋት ገብቼ ሳየው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

የፔዳዋ ፦ የካቲት 4፣ ማታ 2:45

ክሪስታሉ ቫክዩም ላይ ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። የካታሊስቱ ጠርሙስ... ላይዋ ላይ የተጻፈው ቀን ከእኔ መግባት ይቀድማል። ገባኝ።

ከባህር ማዶ ፦ የካቲት 5፣ ጠዋት 12:50

ካታሊስቱን በቫክዩም አጥሪው፣ ከዚያ በደረቅ ቶሉዊን አሟሙተሽ ያዢው። ቱቦውን ደግሞ በእሳት እያሞቅሽ ቫክዩም ሳቢ፤ ናይትሮጅን ልቀቂበት፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሚው። ቶሉዊኑ ግን እሳት አጠገብ እንዳይደርስ።

የፔዳዋ ፦ የካቲት 19፣ ማታ 12:20

ዛሬ 4 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ሁሉንም እንዳላችሁኝ ነው ያደረግሁት። ላክታይዱ ቀለጠ፤ እንደ ውሃ ሆነ። ማማሰያዋ ማግኔት ፍላስኩ ሥር በፍጥነት ትሽከረከር ነበር። ከ40 ደቂቃ በኋላ እንደ ዘይት ሆነ። ቀጥሎ እንደ ማር። ማግኔቷ መንገዳገድ ጀመረች። 5 ሰዓት ከ25 ላይ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጣ ቆመች። ማሞቂያው ይሠራል፣ መብራት አለ፣ ግን መዞር አልቻለችም። ለአንድ ደቂቃ ያህል የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

አቀዝቅዤ በክሎሮፎርም አሟሟሁት፤ ሜታኖል ውስጥ ቀስ እያልኩ ጨመርኩት። እንደ ተፈተለ ጥጥ ነጭ ሆኖ ወጣ። አንዱን ጫፍ ይዤ ሳብኩት። አልተሰበረም።

ድርና ማግ ፦ የካቲት 19፣ ማታ 12:31

እሰይ! እሰይ እህቴ!

የታንኳ ልጅ ፦ የካቲት 19፣ ማታ 1:04

እንኳን ደስ አለሽ። ለአባቴ አንብቤለታለሁ። «የክሩ ነገር እንዳይረሳ» ብሏል።

ጣና ዳር ፦ የካቲት 19፣ ማታ 1:30

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ማግኔቷ የቆመችበትን ሰዓት ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ሁለት ሌሊት ቫክዩም ላይ አድርቂው። ክሎሮፎርም ከቀረበት ቪስኮሜትሩ ይዋሻል። ከዚያ ግማሽ ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም አሟሚ፣ በማጣሪያ አሳልፊ፣ በ25 ዲግሪ ገንዳ ውስጥ ለኪ። ትነቱን ወደ ውጭ በሚስበው ፊዩም ሁድ ሥር ይሁን።

የፔዳዋ ፦ የካቲት 22፣ ከሰዓት 10:05

ክሎሮፎርሙ ብቻውን 98.0 ሰከንድ። የኔው 131.0 ሰከንድ።

ጣና ዳር ፦ የካቲት 22፣ ከሰዓት 10:20

እንግዲያው የሞለኪውሉ ክብደት ከ10 ሺህ አልፏል። አንድ ልኬት ግን ልኬት አይደለም። ሦስት ጊዜ ለኪ። በመካከላቸው ከ0.2 ሰከንድ በላይ ልዩነት ካለ ቱቦው አልጸዳም፤ አጥበሽ፣ አድርቀሽ እንደገና።

የፔዳዋ ፦ የካቲት 22፣ ከሰዓት 10:34

ሁለተኛው 131.1። ሦስተኛውን አሁን እየሞላሁ ነው።